አይደክማትም ወይ?

የከበሮ ድምፅ ለማግኘት ከበሮ የማያስፈልግበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በሬው ሳይታረድ፣ ግንዱ ሳይቦረቦር፣ ቆዳው ሳይወጠር፣ ጠፍሩ ሳይጠብቅ፣ አንድ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በጣቱ ጫፍ ብቻ ሠርግ ያስጨፍራል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እንጀራዬ ድምፅ ማዋሐድ ነው፤ በሙያው ሰዎች አፍ «ሚክስ» ይባላል። ሌላው የደረሰውን፣ ሌላው ያዜመውን፣ ሌላው ያቀናበረውን እቀበልና አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው ለእያንዳንዱ ስፍራ ስፍራውን እሰጣለሁ። ሥራዬ ሲያምር ማንም አያስተውለኝም። ሲያስጠላ ግን አገሩ ሁሉ የድምፅ ባለሙያ ይሆናል…

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። «ቨርቹዋል ድራም» ከባዶ የተፈጠረ ድምፅ አይደለም። አንድ ሰው፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ እውነተኛ ድራም መትቷል፤ አንዴ በስሱ፣ አንዴ በመጠኑ፣ አንዴ በሙሉ ክንዱ። እያንዳንዱ ምት ተቀድቶ ተከማችቷል። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አንዲት ነጥብ ባስቀመጥሁ ቁጥር ያ ሰው ከተቀዳበት ቀን ተነሥቶ ይመታልኛል። የዚህ ጥበብ ቅድመ አያት ሮጀር ሊን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ኤልኤም-1 የሚባል ማሽን ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት የምት ማሽኖች የድራምን ድምፅ በኤሌክትሪክ ያስመስሉ ነበር እንጂ የእውነተኛ ድራም ዲጂታል ቅጂ አልያዙም ነበር። እኔ የምጠቀምበት «ሱፒሪየር ድራመር 3» እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሲሆን ከ230 ጊጋ ባይት በላይ ድምፅ ይዟል። ቅጂውን የመራው ጆርጅ ማሰንበርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ፓራሜትሪክ ኢኩዋላይዘር ምን እንደሆነ ጽፎ ለሙያው ዓለም ያስተዋወቀው ሰው። የተቀዳው ቤልጅግ ውስጥ ጋላክሲ በሚባል ስቱዲዮ ነው፤ ከተማይቱም ሞል ትባላለች። ይህን ያነበብሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። የእናቴ አገር ሞላሌ ናትና! በሞል የተመታ ድራም ለሞላሌ ሠርግ…

ሥራው በእርግጥም የሠርግ ዘፈን ነበር። ዘፋኟ የመንዝ ልጅ ናት፤ ነፋስ የለመደ፣ ከገመገም ገመገም የሚሻገር ድምፅ አላት። መሰንቆውና ዋሽንቱ አዲስ አበባ ተቀዱ። ከበሮውን ግን እዚያው ሄደን ከሚመቱት እጆች ሥር ለመቅዳት ነበር ሐሳባችን። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣውን መንገድ በልጅነቴ በጉም ውስጥ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የተነሣ ማይክሮፎን አዝሎ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። ስለዚህ አቀናባሪው ከበሮውን በኮምፒውተር ጻፈው። በኮምፒውተር የተጻፈ ምት ሁሉ በድን ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ማሽንን ለዜማ ማስገዛት እንደሚቻል በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያጣነው ኤልያስ መልካ አሳይቶን አልፏል። የእኛው አቀናባሪም ቢሆን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው።

እጄን ገና ሳላሳርፍበት፣ እንደ መጣልኝ ለእናቴ አሰማኋት። ቡና እያፈላች ነበር። ዘፋኟን ወደደቻት፤ በመሰንቆው ራሷን ነቀነቀች። ቆየት ብላ፣

«ይቺ ከበሮ የምትመታዋ ማናት?» አለችኝ።

«ማንም አይደለም እማዬ። ኮምፒውተር ነው።»

ሰማችኝም አልሰማችኝም፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጆሮዋን ሰጥታ ቆየችና ሲኒውን እያቀበለችኝ፣

«አይደክማትም ወይ?» አለች።

የመንዝን ሠርግ ዳስ ውስጥ ቆሞ ላላየ ሰው ይህ ጥያቄ ቀልድ ይመስላል። ልጃገረዶቹና ሴቶቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንዷ ከበሮውን በትከሻዋ ታንጠለጥልና ትጀምራለች፤ አጀማመሯ ቁጥብ ነው። ጭብጨባው ሲገባ፣ አውራጇ ስትጋል፣ ተቀባዮቹ ሲያጅቡ፣ እጇ እየከበደ ይሄዳል። ከዚያ መዳፏ ይቀላል፤ ትከሻዋ ይዝላል፤ ምቱ ሳይፋለስ እየሳሳ ይመጣል። ይሄኔ ከጎኗ ያለችው እጇን ትዘረጋለች። ከበሮው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲሻገር ለጥቂት ምት ያህል ዘፈኑን የሚይዘው ጭብጨባው ብቻ ነው… ወዲያው ያላረፈበት፣ ያልደከመ አዲስ እጅ ይገባል። እልልታው የሚቀልጠው በዚያች ቅጽበት ነው። ሌሊቱ ሲገፋና ጉሙ ሲገባ ደግሞ ቆዳው ይላላል፤ ወደ እሳቱ ወስደው ሲያሞቁት ድምፁ ጠንክሮ፣ ቀጥኖ ይመለሳል። አንድ ሠርግ አንድ የከበሮ ድምፅ የለውም። እናቴ እንደምትለው አገሩም አንድ አይደለም፤ የመርሐቤቴ እጅ ይፈጥናል፣ የግሼው ያጠብቃል፣ ልክ ያለው ግን የመንዝ ነው። (እናቴ ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ ስላለው ነገር ሁሉ ስትናገር ያዳላች እንደሆነ እግዜር ይወቅላት።)

ከሞል የመጣው ድራሜ አይላላም፤ አይደክምም። እኔ ደግሞ እንዳይደክም የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ በእጄ ላይ አለ፤ ኮምፕሬሰር ይባላል።

ኮምፕሬሰርን በር ላይ የቆመ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። ደፍ አለው። ከደፉ በታች የሚያልፈውን አይነካም፤ አንገቱን ቀና አድርጎ የመጣውን ግን ያጎነብሰዋል። «አራት ለአንድ» ተብሎ ከታዘዘ፣ ደፉን በአራት ዴሲቤል ላለፈ ድምፅ አንዷን ብቻ ይፈቅድለታል። ጩኸታሙ ዝቅ ካለ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ታደርጋላችሁ። ያኔ ድምፁ የወፈረና የቀረበ መስሎ ይሰማል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ያለ እርሱ ዘፋኝ በመሣሪያ መካከል አትሰማም። አስቸጋሪው ዘበኛው መቼ እንደሚይዝና መቼ እንደሚለቅ ማወቁ ላይ ነው።

መያዣውን ጊዜ «አታክ» ይሉታል። ለቡሄ እረኞች ጅራፍ ሲያጮሁ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። የጅራፍ ነገር ሁሉ ያለው በመጀመሪያዋ ብልጭታ ነው፤ እርሷን ከቆረጣችሁባት የሚቀራችሁ ገመድ ነው። ቢል ፐትናም እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው 1176 የሚባለው ኮምፕሬሰር ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮን ክፍል በ20ው ብቻ መያዝ ይችላል፤ ዛሬ ምስሉና ጠባዩ በፕለጊን መልክ በየስቱዲዮው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ ፈጥኖ ሲይዝ የመዳፍና የቆዳ መገናኛ የሆነችውን «ጧ» ይበላታል። እኔ ዘበኛው 30 ሚሊ ሴኮንድ ያህል እንዲዘገይ አደረግሁት፤ መዳፏ ካለፈ በኋላ ጅራቱን ይያዝ ብዬ።

መልቀቂያው ጊዜ፣ «ሪሊዝ» የሚሉት፣ የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ዘፈናችን በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ይሄዳል። በጭክጭካ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ለሦስት ይሸነሸናል፤ ስለዚህ ከአንዷ ትንሽ ምት እስከምትከተላት 167 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ከለቀቀ ምን ይሆናል? ጠንካራውን ምት ጨፍልቆ፣ ለደካማው ቀድሞ እጁን ያነሣለታል። ደካማዋ በሙሉ ቁመቷ ትገባለች። ጌታና ሎሌ እኩል ይቀመጣሉ፤ «ድም-ተክ-ተክ» የነበረው «ድም-ድም-ድም» ይሆናል። ለዳንስ ቤት ያ ደስ ይል ይሆናል፤ ትከሻ ግን በእኩል ምት አይወርድም፤ የሚወርድበት ጠንካራ፣ የሚነሣበት ደካማ ይፈልጋል። መልቀቂያውን ወደ 300 ሚሊ ሴኮንድ አስረዘምሁት። ደካሞቹ ምቶች በጠንካራው ጥላ ሥር ሆነው እንደ ልማዳቸው አለፉ።

ግን የሌለውን ልዩነት ኮምፕሬሰር አይጠብቀውም። አቀናባሪው በጻፈው ምት ውስጥ ጠንካራና ደካማ ብሎ ነገር እምብዛም አልነበረም። በሚዲ ቋንቋ የምት ኃይል ከ1 እስከ 127 ይቆጠራል፤ በፋይሉ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ115 በላይ ነበሩ። ልኩን ከየት ላምጣው?

አንድ ነገር ነበረኝ፤ የ43 ሴኮንድ ቪዲዮ። በጥር 2013 ዓ.ም. በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ በስልክ የተቀረጸ ነው። የምትመታው አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ። በቀበሌዋ የከበሮ እጅ ሲባል የምትጠራው እርሷ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. አረፈች። በመንገዱ ምክንያት ለቀብሯ አልደረስንም። ከእጇ ሥራ ወደ እኛ የደረሰው ያ 43 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ቪዲዮውን ከፍቼ በሞገዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ሰዓታት ቆየሁ። ስልክ የራሱ ኮምፕሬሰር አለው፤ ማንም ሳያዝዘው ጩኸቱን ዝቅ፣ ጸጥታውን ከፍ ያደርጋል። በምቶቿ መካከል የዳሱ ጫጫታ እንደ ሊጥ ኩፍ ሲልና መዳፏ ሲያርፍ መልሶ ሲሟሽሽ ይሰማል። ምቶቿ ሁሉ በሞገዱ ላይ አንድ ቁመት ናቸው። የትኛውን አጥብቃ፣ የትኛውን አለስልሳ እንደመታች ስልኩ አጥፍቶታል፤ የትኛውም ፕለጊን አይመልሰውም። ጊዜዋ ግን አለ። ከሦስቱ ትንንሽ ምቶች ሦስተኛዋ ሁልጊዜ ትዘገያለች፤ አንዳንዴ 15፣ አንዳንዴ 25 ሚሊ ሴኮንድ። በዚያች መዘግየት ላይ ነው ጭብጨባው የሚደላደለው። እያንዳንዷን ምት ለክቼ ከሞል የመጣውን ድራም በአክስቴ ሰዓት ላይ አስቀመጥሁት። ጊዜ ተገኘ፤ ኃይል ቀረ።

ለኃይሉ እናቴን ለመንኋት። «በስተርጅና!» ብላ ሳቀች። ከበሮ በቤታችን የለም፤ ቢጫ ጀሪካን ግን አለ። ከበሮ በሌለበት ጀሪካን ከበሮ እንደሆነ ውኃ ቀድታ ያደገች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ማይክሮፎኑን ራቅ አድርጌ አቆምሁት፤ ምንም ዓይነት ኮምፕሬሰር አላስገባሁም፤ ትልቁ ምቷ እንኳ ጣሪያውን እንዳይነካ ሰፊ ቦታ ተውሁለት። ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ጀመረች። መጀመሪያ አፍራ፤ ኋላ ዓይኗን ጨፍና። አፏ ውስጥ አብራ ታዜማለች። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ክንዷ ዛለ፤ ምቱ ሳሳ፤ ጊዜውን ግን አልለቀቀችም። ከዚያ ጀሪካኑን ወደ ቀኝ ጎኗ ገፋ አደረገችና፣

«ተቀበይኝ» አለች።

በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ማዳመጫውን አውልቃ፣ ቡናው እንዳይገነፍል ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ቡና አልጣደችም ነበር።

ያን ዕለት ማታ የጀሪካኑን ቅጂ ለካሁት። በእናቴ ጠንካራና ደካማ ምት መካከል እስከ 14 ዴሲቤል ልዩነት አለ። በመጣልኝ ፋይል ውስጥ የነበረው ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። የእርሷን ኃይል ምት በምት ወደ ቁጥር ለወጥሁት፤ 127 የደረሱት ጥቂት ናቸው፤ 40 የማይሞሉ ብዙ። ስኔሩን አስወጣሁ፤ ለሰፊው አፍ ትልቁን ቶም፣ ለጠባቡ ትንሹን ሰጠሁ። በጣም የተጨፈለቀ አንድ ግልባጭ ደግሞ ከሥር አኖርሁ፤ ጠላ ጠማቂ ድፍድፉን በውኃ አቅጥና እንደምታቀርበው፣ ጨፍላቃውን በጥቂቱ፣ ያልተነካውን በብዛት። ደካማ ምቶች ከዘፋኟ ድምፅ ሥር እንዳይጠፉ ይህ ይበቃል።

በኢኩዋላይዘሩ ላይ ከመማሪያዎቹ ጋር ተጣላሁ። መማሪያዎቹ ሁሉ ስለ ትልቁ ድራም አንድ ቃል ናቸው፤ 60 ኸርዝ ላይ ጨምር፣ ከ300 እስከ 400 ያለውን ቁረጥ፣ የካርቶን ድምፅ ነው ይላሉ። ለሮክ ባንድ እውነት ነው። የከበሮ ሥጋው ግን እዚያው ካርቶን ባሉት ቦታ ነው ያለው፤ መዳፍ፣ ቆዳና እንጨት የሚገናኙበት። ደግሞስ ዘፈኑን ማን በምን ይሰማዋል? እረኛው በባናው ሥር በያዘው ስልክ፣ ተሳፋሪው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ባለች ትንሽ ስፒከር። በዚያች ስፒከር 60 ኸርዝ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከታች ያለውን ቀነስሁ፤ ካርቶኑን ተውሁት፤ 200 አካባቢ ጥቂት ጨመርሁ። መሰንቆው የሚፋቅበትን ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ኸርዝ ያለውን ከቶሞቹ ላይ ቀንሼ ለመሰንቆው ለቀቅሁለት።

ቀጥሎ አዳራሹ። በሞል ማይክሮፎኖቹ ከድራሙ ጋር የአዳራሹንም አየር ቀድተዋል፤ ያማረ፣ ሰፊ አየር ነው። ነገር ግን የመንዝ ሠርግ የት ነው የሚጨፈረው? ቅጠል በለበሰ ወይም ሸራ በተወጠረበት ዳስ፣ አለዚያም በድንጋይ ቤት፣ በጓሳ ክዳን ሥር። ጓሳ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል፤ ከእርሱ ሥር ድምፅ አያስተጋባም፤ ይሞቃል። (ይህ ሣር እንዲሁ የበቀለ ሣር አይምሰላችሁ። የመንዝ ሰዎች ለዘመናት «ቄሮ» በሚባል የጋራ ሕግ እየጠበቁ፣ አጨዳውን በጊዜው እየፈቀዱ ያቆዩት ነው፤ ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ዛሬ በብዙው ቤት ላይ ቆርቆሮ መጥቷል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ድምፅን መልሶ ይወረውራል። ቤቱ ሲለወጥ ዘፈኑም አብሮ ይለወጣል መሰለኝ።) የሞልን አዳራሽ ዘጋሁት። በጣም አጭር፣ ጨለም ያለ ማስተጋቢያ አስገባሁ፤ የእናቴን የልጅነት ቤት በልቤ እየለካሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቅሁ የሚጠይቅ ይኖራል። አንድ ዘፈን ነው፤ ነገ ሌላ ይወጣል። እኔን ያስጨነቀኝ ዘፈኑ ተመልሶ መሄዱ ነው። በሜሞሪ ካርድ፣ በስልክ፣ በሚኒባስ ጣርማ በርን አልፎ ይወጣል፤ ጥር ሲመጣ በየሠርጉ በትልልቅ ስፒከር ይከፈታል። ከበሮውን ለማንሣት እጅ ያጠራቸው ልጃገረዶች በእርሱ ላይ ያጨበጭባሉ። ከእንግዲህ የምት ልክ የሚማሩት ከእርሱ ነው። አክስቴ ብትኖር ከእርሷ ይማሩ ነበር።

አሳታሚው ሥራውን ሲሰማ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው፣ «አይጮህም» የሚል ነው። ይህን ጠብቄዋለሁ፤ ከሌሎቹ ዘፈኖች ጋር ጎን ለጎን ሲከፈት ያነሰ ይመስላል። ዩቲዩብን የመሳሰሉት ከተወሰነ ልክ በላይ የጮኸውን ራሳቸው ዝቅ እንደሚያደርጉት፣ ያኔ ጩኸቱ ተወስዶ ጭፍለቃው ብቻ እንደሚቀር አስረዳሁት። ግማሹን ተቀበለኝ፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ሁለት ዴሲቤል ጨመርሁለት።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያለው ነገር ነበር። እዚያ ጋ ምቱ ለጥቂት ጊዜ ይሳሳል፤ ከዚያ ቶሞቹ ጨርሰው ይጠፋሉ፤ አራት ሴኮንድ ያህል ጭብጨባው ብቻውን ይሄዳል፤ ቀጥሎ ከበድ ያለ ሌላ እጅ ይገባል።

«እዚህ ጋ ከበሮው ጠፍቷል» አለኝ።

«አልጠፋም፤ እየተቀባበሉ ነው» አልሁት።

«እነማን?»

ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ አሰበና አራት ሴኮንድ ይረዝማል አለ። ተከራክረን በሁለት ተስማማን።